ዝም ያለ የዝውውር መስኮት እንዴት ይነበባል?

ክረምት ሲገባ በለገጣፎ አንዱ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይከፈታል። የሚቀዘቅዘው የአሸዋ፣ የጠጠርና የብሎኬት ገበያ ነው። ዝናቡ መሬቱን ሲያጨቀየው ግንባታ ስለሚጓተት ባለመኪናውም ደላላውም ሻይ ቤት ይውላሉ። የሚከፈተው ደግሞ የተጫዋቾች ገበያ ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያበቃ የብዙ ተጫዋቾች ውልም አብሮ ስለሚያልቅ፣ ክለቦች አሮጌውን የሚሸኙትና አዲሱን የሚያስፈርሙት በክረምቱ ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ነጋዴ የክለቡን ስም ከአስፈራሚዎች ዝርዝር ውስጥ ሲያጣው፣ ንዴቱ በሁለቱም ገበያ የከሰረ ሰው ንዴት ይሆናል።

በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት ደጋፊው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ «ሌሎቹ ስድስትና ሰባት ተጫዋች አስፈርመዋል፤ የእኛዎቹ ገንዘቡን የት አደረሱት?» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ዝም አይነቅዝም» እያለ ይጽናናል። የመጀመሪያው ወገን ዝምታን ሁሉ ጥፋት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዝምታን ሁሉ ብልሃት ያደርገዋል። ዝም አይነቅዝም ቢባልም፣ ጎተራ ውስጥ ያለው እህል ግን እንደሚነቅዝ የእህል ነጋዴ ያውቃል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ክለቡ ዝም ማለቱ ሳይሆን ዝም ያለበት ምክንያት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ምክንያት ለይቶ ማወቂያውን መንገድ ያሳያል።

ሁለት የዙሪያ ከተሞች፣ አንድ ወንበር

የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች በእግር ኳሱ ገበያ የገዙትን ልምድ በውድ ዋጋ ነው የገዙት። ሰበታ ከተማ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ፤ ቡድኑ ሁለት ተጨማሪ ዓመታት ከተጫወተ በኋላ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከአዲስ አበባ ከተማና ከጅማ አባ ጅፋር ጋር ወረደ። በዚያው ክረምት ለገጣፎ ለገዳዲ ከኢትዮጵያ መድንና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ወደ ሊጉ ገባ። ከጅማ መንገድ የተነሣው ወንበር በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ላለችው ከተማ ደረሰ ማለት ነው።

ይሁንና ለገጣፎ ለገዳዲ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ውድድር ማብቂያ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ተመልሶ ወረደ። አብሯቸው ያደገው ሦስተኛው ክለብ ኢትዮጵያ መድን ግን በሊጉ ቆይቶ የ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ።

ከአንድ በር በአንድ ቀን ከገቡት ሦስት ክለቦች ሁለቱ በዓመቱ ሲወጡ አንዱ ዋንጫ አነሣ። ይህን ልዩነት በባለቤትነት ብቻ ማብራራት አይቻልም። መድን የመድን ድርጅት ክለብ እንደሆነ ሁሉ ኤሌክትሪክም ከጀርባው ትልቅ የመንግሥት ድርጅት ያለው ክለብ ነው፤ አንዱ ሻምፒዮን ሲሆን ሌላው ወርዷል። እንግዲህ ሀብታም ባለቤት መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ይላል።

በዚህ ገበያ ምን ይሸጣል?

በአውሮፓ የዝውውር ገበያ ሲባል በዋናነት ክለብ ለክለብ የሚከፍለው ዋጋ ነው። በኢትዮጵያ ግን አብዛኛው ዝውውር ውሉ ያለቀ ተጫዋች ወደ ፈለገበት የሚሄድበት በመሆኑ፣ ለቀድሞው ክለብ የሚከፈል ገንዘብ እምብዛም የለም። በመሆኑም እዚህ አገር የሚገዛው የተጫዋቹ የሥራ ጊዜ ነው፤ ዋጋውም ደመወዙ ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት በፊርማ ወቅት በአንድ ጊዜ ይሰጥ የነበረው ጠቀም ያለ ገንዘብ ኋላ ላይ ወደ ወርኃዊ ደመወዝ ተለውጧል።

ይህ ልዩነት ለነጋዴ ትልቅ ትርጉም አለው። ዕቃ አንድ ጊዜ ተገዝቶ መጋዘን ይገባል። ተጫዋች ግን እንደ ተከራየ ሱቅ በየወሩ ይከፈልበታል። ስለዚህ «አስፈረመ» የሚለው ዜና ክለቡ ገንዘብ መክፈሉን አያሳይም፤ ወደፊት ለመክፈል ዕዳ መግባቱን ነው የሚያሳየው። ደጋፊው በክረምት የሚያጨበጭብለት ፊርማ ሒሳቡ የሚመጣው በጥርና በየካቲት ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ክለብ 25 ተጫዋቾች ቢኖሩትና አማካይ ደመወዛቸው በወር 60 ሺህ ብር ቢሆን፣ የወሩ ወጪ 1.5 ሚሊዮን፣ የዓመቱ ደግሞ 18 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ደጋፊውን ለማስደሰት በወር መቶ መቶ ሺህ ብር የሚከፈላቸው ሦስት ተጫዋቾች ቢጨመሩ፣ የዓመቱ ወጪ በ3.6 ሚሊዮን ያድጋል። ሦስት ስም የደመወዙን ወጪ በ20 በመቶ ከፍ አደረገው ማለት ነው። በዚህ ላይ ግብር አለ። ከፍተኛው የደመወዝ ግብር ተመን 35 በመቶ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ የተደራደረው በተጣራ ክፍያ ከሆነ፣ 65 ሺህ ብር በእጁ እንዲገባ ክለቡ 100 ሺህ የሚጠጋ ብር ማውጣት ይኖርበታል። ሻይ ቤት የሚወራው የተጣራው ነው፤ ካዝናውን የሚያራቁተው ጠቅላላው ነው።

የዋጋውን መናር ለመግታት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ተጫዋች ከፍተኛ ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። የኢኮኖሚክስ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው ነገር እዚህ ላይ ይሠራል። ገዥዎች እየተሻሙበት ባለ ዕቃ ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጣል፣ ሽሚያው መልኩን ቀይሮ በጎን በር ለመግባት ይገፋፋል። በኋላ ላይ ትኩረቱ ከነጠላ ደመወዝ ወደ ክለቡ ጠቅላላ የክፍያ ወጪ ዞሮ፣ በ2017 ዓ.ም. ውድድር ይህንኑ የሚገድብ መመሪያ ሥራ ላይ ውሏል። ጠቅላላ ወጪ ከተገደበ ወዲያ፣ ጥቂት ተጫዋች ብቻ ያስፈረመ ክለብ ሁሉ ገንዘብ ስላጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ቦታ ስላጣም ሊሆን ይችላል።

ሦስት ዓይነት ዝምታ

ዝም ያለ መስኮት ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ቢያንስ ሦስት መልክ አለው።

የመጀመሪያው የጠገበ ሰው ዝምታ ነው። ክለቡ ዋና ተጫዋቾቹን ከመስኮቱ መከፈት አስቀድሞ ውል አድሶላቸዋል፤ ደመወዝ በሰዓቱ ይከፍላል፤ የሚጎድለው አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ውል ማደስ እንደ አዲስ ፊርማ ፎቶግራፍ አያስነሣም፣ ጋዜጣም አያደምቅም። በገበያ ቋንቋ ግን ያለን ደንበኛ አጥብቆ መያዝ አዲስ ከመፈለግ ይረክሳል።

ሁለተኛው የባዶ ኪስ ዝምታ ነው። ክለቡ መግዛት ይፈልጋል፤ በጀቱ ግን አልጸደቀም ወይም አልተለቀቀም። መለያ ምልክቱ ድርድር መኖሩ፣ ፊርማ ግን መታጣቱ ነው። ተጫዋቾች መጥተው ይነጋገራሉ፣ «ነገ» ይባላሉ፣ በሦስተኛው ቀን በሌላ ክለብ ማልያ ይታያሉ።

ሦስተኛው የታሰረ እጅ ዝምታ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት የተጫዋች ክፍያ ያዛባ ክለብ እስከ ሦስት ተከታታይ የዝውውር መስኮቶች ድረስ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል። በዚያው ደንብ፣ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ካልተከፈለው በበቂ ምክንያት ውሉን ማፍረስ ይችላል። ስለዚህ ውዝፍ ደመወዝ ያለበት ክለብ በአንድ በኩል ማስገባት ይከለከላል፣ በሌላ በኩል ያሉትን ያጣል። እንዲህ ባለ ክለብ ላይ «ለምን አታስፈርሙም?» ብሎ መጮህ፣ ባንክ ሒሳቡን ያገደበትን ነጋዴ «ለምን ዕቃ አታመጣም?» እንደ ማለት ነው። ጥያቄው መሆን የነበረበት «ዕዳው ስንት ነው?» የሚል ነው።

ከእንግሊዝ ሊግ የሚገኝ ትምህርት

የለገጣፎና የሰበታ ደጋፊ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝን ሊግ ስለሚከታተል፣ ከዚያ አራት ምሳሌዎችን መውሰድ ይጠቅማል።

ቶተንሃም እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት አንድም ተጫዋች አላስፈረመም። አዲስ ስታዲየም እየገነባ ስለነበር ገንዘቡ ወደ ሲሚንቶና ብረት ሄዶ ነበር። በዚያው ክረምት ግን የሃሪ ኬንንና የሶን ሁንግ ሚንን ውል አድሷል። ደጋፊው ቢያጉረመርምም ቡድኑ ሰኔ 2019 ላይ በማድሪድ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ያልታደሰው ቡድን ደክሞት በዚያው ዓመት ኅዳር አሠልጣኙ ፖቼቲኖ ተሰናበተ። ዝምታው ለአንድ ዓመት ቢሠራም ዋጋውን በሁለተኛው ዓመት አስከፍሏል።

ሊቨርፑል በ2024 ክረምት ለዚያ ውድድር ዘመን ያስፈረመው ፌዴሪኮ ኪየዛን ብቻ ነበር። ደጋፊው በአዲሱ አሠልጣኝ በአርነ ስሎት አዘነለት። ቡድኑ ግን በሚያዝያ 2025 አራት ጨዋታ እየቀረው ሻምፒዮን ሆነ። በተከታዩ ክረምት ክለቡ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ፤ በመጸው ግን በተከታታይ ይሸነፍ ጀመር።

የቀሩት ሁለቱ ለለገጣፎ ይበልጥ ይቀርባሉ፤ አዲስ ያደጉ ክለቦች ነበሩና። ፉልሃም በ2018 ሲያድግ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ተጫዋች ገዛ፤ በዓመቱ ወረደ። ኖርዊች በተከታዩ ዓመት ሲያድግ በተቃራኒው ኪሱን ዘግቶ ተቀመጠ፤ እሱም 20ኛ ሆኖ ወረደ። ልዩነቱ የታየው ከወረደ በኋላ ነው። ኖርዊች በማይከፈል ዕዳ ሳይያዝ ቡድኑን አደላድሎ በ2021 የታችኛውን ሊግ አሸንፎ ተመለሰ።

እነዚህ አራት ምሳሌዎች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በወጪ ብዛትና በውጤት መካከል በአንድ ክረምት የሚነበብ ቀጥተኛ መስመር እንደሌለ ያሳያሉ። በብዙ ዓመታት ሲደመር ግን ብዙ ደመወዝ የሚከፍሉ ክለቦች ከላይ መሆናቸው አይቀርም። አንድ መስኮት የአንድ ቀን ሽያጭ ነው፤ የንግዱን ጤንነት የሚያሳየው የዓመታት መዝገብ ነው።

የሰኔ 30 ችግር

የከተማ አስተዳደር ክለብን ከድርጅት ክለብ የሚለየው ዋናው ነገር የገንዘቡ መጠን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የሚመጣበት ቀን ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት የአሮጌው ዓመት ሒሳብ ይዘጋል። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተደልድሎ፣ ተለቆ እጅ እስኪገባ ሳምንታት ይፈጃል። የተጫዋቾች ገበያ የሚሞቀው ደግሞ በእነዚሁ ሳምንታት ነው።

የራሱ ሽያጭ ያለው ባንክ ወይም የመድን ድርጅት በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ቃሉን መስጠት ይችላል። የከተማ ክለብ ኃላፊ ግን ያልጸደቀ በጀት ተማምኖ መፈረም አለበት፣ አለዚያም መጠበቅ። ቢፈርምና በጀቱ ቢቀነስ ውዝፍ ደመወዝ ይወለዳል። ቢጠብቅ ጥሩ ጥሩው ያልቃል። ዘግይቶ ገበያ የወጣ ገዥ ሁልጊዜ እንደሚደርስበት፣ የተረፈውን በውድ ይገዛል።

በዚህ ላይ የገቢው ምንጭ ጠባብ ነው። ለገጣፎ ለገዳዲ በሊጉ በቆየበት በ2015 ዓ.ም. ውድድሩ የሚካሄደው በተመረጡ ከተሞች ነበር። ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳ አስተናገዱ። የለገጣፎ ነዋሪ ክለቡን በሰፈሩ ሜዳ በፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አላየውም። ክለቡ በሜዳው ትኬት አልሸጠም፤ በዙሪያው ያለው ሻይ ቤት፣ ሥጋ ቤትና ታክሲም የጨዋታ ቀን ገበያ አላገኘም። ቡድኑ ደግሞ ከከተማው ርቆ ወራት ሲሰነብት የመኝታና የምግብ ወጪ ነበረበት። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ስምምነት በድምሩ 22.5 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ቢነገርም፣ ገንዘቡ የቀረጻ ወጪን የሚያካትትና ለብዙ ክለብ የሚከፋፈል በመሆኑ የአንድን ከተማ ክለብ ደመወዝ የሚሸከም አልነበረም። ስለሆነም ሸክሙ ተመልሶ የወደቀው በከተማው በጀት ላይ ነው፤ ያም ማለት በመጨረሻው ሒሳብ በግብር ከፋዩ ነጋዴ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የባለቤትነቱ ካርታ ተለውጧል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ ከሌሎች የዙሪያ አካባቢዎች ጋር በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሸገር ከተማ የተባለው ክለብም በ2017 ዓ.ም. ውድድር ማብቂያ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጓል። የብዙ ከተሞች ኪስ አንድ መሆኑ የገንዘቡን መጠን ያሳድገው ይሆናል። የሰኔ 30ን ችግር ግን መጠን አይፈታውም፤ የሚፈታው ጊዜን ማቀናጀት ነው። ሁነኛ ተጫዋቾችን በሚያዝያና በግንቦት፣ ማለትም አሮጌው በጀት በእጅ እያለ፣ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ማስፈረም አንዱ መንገድ ነው። ከታዳጊ ቡድን ማሳደግ ሌላው ነው። እነዚህን ያደረገ ክለብ በሐምሌ ዝም ቢል ዝምታው ያስከብረዋል።

ኪስ ከመከፈቱ በፊት

ነገሩ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሻይ ቤት በቀረ ነበር። ነገር ግን መስኮቱ ጸጥ ሲል ብዙ ጊዜ የሚከተለው «ነጋዴው ያግዝ» የሚለው ጥሪ ነው። የግንባታ ዕቃ ሻጩ፣ የሪል ስቴት ባለሀብቱ፣ የወፍጮና የዳቦ ቤት ባለቤቱ ለአንድ አጥቂ ፊርማ እንዲያዋጣ ይጠየቃል። ማገዝ መልካም ነው። ኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎቹን በቤተሰብ ሩጫ እያሰባሰበ ክለቡን የደጋፊው ያደረገበት መንገድ፣ የደጋፊ ገንዘብ ደርዝ ሲይዝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ልዩነቱ በየዓመቱ በታወቀ ጊዜ የሚመጣ ገንዘብና በጭንቅ ጊዜ የሚለቀም ገንዘብ አንድ አለመሆናቸው ነው።

ስለዚህ መዋጮ የተጠየቀ ነጋዴ፣ በዱቤ ዕቃ ሊሰጥ እንደ ተጠየቀ ሰው፣ አራት ነገሮችን ቢጠይቅ አያስወቅሰውም።

አንደኛ፣ ያለፈው ዓመት ደመወዝ እስከ ሰኔ ድረስ ተከፍሏል ወይ? ውዝፍ ካለ አዲሱ መዋጮ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። ለአዲሱ አጥቂ የተዋጣ ገንዘብ በዕዳ በታሰረ ክለብ ሳጥን ውስጥ ከገባ አጥቂው አይመዘገብም።

ሁለተኛ፣ ካለፈው ዓመት ቋሚ ተሰላፊዎች ስንቱ ውላቸውን አድሰዋል? ስምንት ወይም ዘጠኙ ካሉ፣ ሁለት ፊርማ በቂ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ብቻ ከቀሩ፣ አሥር ፊርማም ቢመጣ አዲስ ቡድን መገንባት ነው እንጂ ማጠናከር አይባልም።

ሦስተኛ፣ የዘንድሮው በጀት ጸድቋል ወይስ ቃል ብቻ ነው? ከጸደቀስ በየስንት ጊዜው ይለቀቃል? በየሩብ ዓመቱ የሚለቀቅ በጀት ለወር ደመወዝ የማይገጥምባቸው ወራት ይኖሩታል፤ የነጋዴ እገዛ በጣም የሚጠቅመውም ያንን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

አራተኛ፣ መዋጮው ለአንድ ፊርማ ነው ወይስ ለዓመቱ? አንድ ተጫዋች ለማስፈረም 300 ሺህ ብር አዋጥቶ የቀሪውን ዘጠኝ ወር ደመወዝ ለእግዜር መተው፣ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ብቻ ይዞ ሱቅ እንደ መክፈት ነው።

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በጎ ከሆነ፣ ዝም ያለው መስኮት አያስፈራም፤ ደጋፊው አርፎ መቀመጥ ይችላል። መልሱ ከተድበሰበሰ ደግሞ፣ ሰባት ተጫዋች በአንድ ቀን ቢፈርም እንኳ ጭብጨባውን ማቆየት ይሻላል። ሰበታና ለገጣፎ ለገዳዲ የወጡትና የወረዱት በአጭር ጊዜ ነው። ቀጥሎ ወንበሩን የያዘው ክለብ እንዲቆይበት የሚፈልግ ደጋፊ፣ በሐምሌ «ማንን አስፈረማችሁ?» ከማለቱ አስቀድሞ በግንቦት «ለማን ከፈላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ክለቡንም ኪሱንም ይጠብቃል።